የቀን ሥራ በገነተ ማርያም

አዲስ አበባ በሾፌርነት ኖሬ፣ ሃምሳ ልደፍን ስል ሥራ አጥቼ ወደ ትውልድ ቀዬ ወደ ገነተ ማርያም ተመለስኩ። ላሊበላ ያሉት ሆቴሎች ሁሉ "እንደውልልሃለን" እንዳሉኝ ቀሩ።

አንድ ጠዋት በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ግቢ ሰዎች መቃብር ሲቆፍሩ አየሁ።

"ሰው ትፈልጋላችሁ?" አልኩ።

"እንዴታ! ና ያዝ" ብለው የቅሬው፣ የመንደሩ እድር፣ ዳኛ አባ ሞገስ ዶማ ሰጡኝ።

ከተማ መቃብር ቆፋሪ ይከፈለዋልና ላቤ ጠብ እስኪል ቆፈርኩ። ቀብሩ አልቆ ሰው ሲበተን እኔ ቆሜ ቀረሁ።

"ምን ትጠብቃለህ?" አሉኝ አባ ሞገስ።

"ሒሳቤን ነዋ፣ አባ።"

ትክ ብለው አዩኝ። "የእናትህን መቃብር ስንቆፍር ማን ከፈለን?"

ዶማውን ልመልስላቸው ብዘረጋ አልተቀበሉኝም።

"ያዘው። ከዛሬ ጀምሮ የቅሬያችን ሰው ነህ፤ ከቀብር ብትቀር ትቀጣለህ።"