የአያት መንደሪን

ብሮንዊን ወይዘሮ ኖሪንን ያወቀቻቸው በአጋጣሚ ነው። ከምዕራብ አውስትራሊያ ድንበር በፊት ካለው ነዳጅ ማደያ አጠገብ፣ እሷና ባሏ ሁለት ልጆቻቸውን ይዘው በመኪና የሚጎተተውን ተንቀሳቃሽ ቤታቸውን፣ ካራቫናቸውን፣ ሲያቆሙ፣ ሴትዮዋ እዚያው ታጣፊ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቤታቸው ካራቫናቸው ናት።

የብሮንዊን የአምስት ዓመት ልጅ ቲሊ ሦስት መንደሪን አቅፋ ታለቅሳለች። በቅርቡ የሞቱት አያቷ ከጓሯቸው የለቀሙላት የመጨረሻዎቹ ናቸው፤ ቤቱም ተሸጧል። ነገ ግን ድንበሩ ላይ ፈታሾች ተባይ እንዳይገባ ብለው ፍሬ የተባለን ሁሉ ይወስዳሉ።

"ትራሷ ውስጥ ብደብቅላትስ?" አለች ብሮንዊን፣ አንጀቷ አልችል ብሎ።

"ተይ ልጄ፣ ውሸት ታስተምሪያታለሽ" አሉ ኖሪን። ወደ ቲሊም ዞረው፣ "ነይ እስቲ እመቤት! አያትሽ የለቀሙልሽ እንድታቅፊው ነው እንድትበዪው?"

"እንድበላው።"

"ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? ለእኔም አንድ ፍልቃቂ አትነፍጊኝም መቼም።"

ቲሊ ጥቂት አሰበችና መላጥ ጀመረች። ለእናቷ፣ ለአባቷ፣ ለታናሽ ወንድሟ፣ ለኖሪን እያደለች፣ ሦስቱም እስኪያልቁ በየፍልቃቂው ስለ አያቷ አንድ ነገር ትናገራለች። ከቀብሩ ወዲህ ስማቸውን ስትጠራ ብሮንዊን የሰማቻት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ጠዋት መኪናው ሊነሳ ሲል ኖሪን በመስኮቱ ብቅ አሉ።

"ቲሊዬ፣ ፈታሹ ፍሬ ይዘሻል ወይ ካለሽ፣ የለኝም በዪው፤ አልዋሸሽም። ሆድ እንደሆነ አይፈተሽም።"