አባባ ሰይድ ፎቶ መስሏቸው

ይህን ለማንበብ የምታጠፉት ሁለት ደቂቃ አይቆጫችሁም።

ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር፣ ጎረቤታችን የነበሩት ልብስ ሰፊው አባባ ሰይድ ታመው ተኙ። ጆሯቸው ስለደከመ በስልክ አይግባቡም። ቤሩት ያለችው ልጃቸው ከድጃ ደውላ «ሲያወሩ ልያቸው፤ ቪዲዮ ቅረጽልኝ» አለችኝ።

የነበረኝ የተዋስኩት የፎቶ ካሜራ ነው። ብዙ ሰው አያውቅም እንጂ እሱም ቪዲዮ ይቀርጻል። ማቆሚያ ከሌላችሁ ምስር በፌስታል ቋጥራችሁ ጄሪካን ላይ አስቀምጡና ካሜራውን እላዩ ጫን አድርጉት፤ ንቅንቅ አይልም። ችግሬ ካርዱ ነበር፤ አሮጌ ስለሆነ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይዝም።

አባባ ሰይድ ተደግፈው ተቀመጡ፤ ኮፍያቸውን አስተካከሉና ደርቀው ቀሩ።

«አባባ፣ ያውሩ እንጂ! ለከድጃ ነው» አልኩ ጮክ ብዬ።

ዓይናቸውን እንኳ አላርገበገቡም። ካርዱ ሞላ።

«ፎቶ እየተነሳ ማን ያወራል?» ብለው ተቆጡኝ። «በኛ ጊዜ ትንፋሽ ያዝ ነበር የሚባለው።»

ቪዲዮ መሆኑን አስረዳኋቸው። ደክሟቸው ስለነበር ለነገ ተቀጣጠርን። በማግስቱ ቀበርናቸው።

ከድጃ ለለቅሶ መጣች። ቪዲዮውን ከፈትኩላት።

«ይሄማ ፎቶ ነው» አለች።

«ቆይ፣ አላለቀም።»

መጨረሻው ላይ ከንፈራቸው በትንሹ ተላቀቀ። ያን ቀን እኔ ያልሰማሁት ድምፅ ወጣ፦

«ጨረስክ ልጄ? ልተንፍስ?»

ቤታችሁ ሽማግሌ ካለ ዛሬውኑ ቅረጹ፤ ምስር ከቤት አይጠፋም። መተንፈስ እንደሚቻል ግን አስቀድማችሁ ንገሯቸው።