ሦስት ወር ነው ያልኩት ሆድ

ነርስነት ተመርቄ ዕጣ ሲወጣ የደረሰችኝ አጋሮን አልፎ ያለች ትንሽ የቡና ከተማ ናት። ስሟን አልጽፈውም፤ ሰዎቹ ዛሬም እዚያው ናቸው። እኔ የጊንጆ ልጅ ነኝ፤ ጅማ ተወልጄ፣ ጅማ ተምሬ፣ ጅማ እመደባለሁ ብዬ የጠበቅኩ። ሁለት ዓመት ትሠሪያለሽ አሉኝ። ከከተማዋ ለመውጣት መጀመሪያ ከጤና ጣቢያው ደብዳቤ፣ ከዚያ በደብዳቤው ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ማውጣት ያስፈልጋል። ረቡዕ የውይይት ክበብ፣ እሁድ የቀበሌ ስብሰባ፣ የቀረው ዝናብ። እናቴን ለማየት እንኳ ምክንያት መጻፍ ነበረብኝ። ጨጓራዬ ተቃጥሎ ነበር፤ ለበሽተኛም የሚተርፍ ትዕግሥት አልነበረኝም።

ሴትዮዋ የመጣችው ሰኔ ላይ ነው፣ ከአማቷ ጋር። ሴትዮ ልበላት እንጂ ከእኔ ታንሳለች፤ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ሻርፗን አፏ ላይ ይዛ ቁጭ አለች። የሚናገሩት አማትየዋ ናቸው።

«ያስመልሳታል፣ ሲስተር። ደግሞ ደም ያያታል። ይመጣል፣ ይሄዳል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቆየ።»

«ቆየ ማለት ስንት ነው እማማ? ሳምንት ነው ወር?»

«ቆየ አልኩሽ እኮ።»

ውጭ በረንዳው ሞልቶ ሰው እርስ በርስ ይጋፋል። አልጋው ላይ አስተኛኋትና ሆዷን ዳሰስኩ። ማኅፀኗ አድጎ እጄ ስር ገባ። ጡቷን ስነካት አመማት። ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል ብዬ ወደ መታጠቢያው ዞርኩ።

«እርጉዝ ናት» አልኩ ጀርባዬን እንደሰጠኋቸው። «ሦስት ወር ይሆናታል። ደሙ ሊያስወርዳት ስለሆነ ትተኛ፤ ከባድ ነገር አታንሳ።»

ስዞር የአማትየዋ ፊት ሌላ ሆኗል።

«ሦስት ወር?»

«ሦስት፣ ሦስት ተኩል።»

«ሚቲ» አለች ልጅቷ። አይደለም ማለቷ ነው። አፏን ስትከፍት የመጀመሪያዋ ነበር። «ማሎ ሲስተር፣ እባክሽ ደግመሽ እዪኝ።»

«አየሁሽ እኮ» አልኳትና የሚቀጥለውን ሰው ጠራሁ።

የሠራሁትን የነገረችኝ በማግሥቱ ክፍሉን የምታጸዳው ሴት ናት። የልጅቷ ባል ኅዳር ላይ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዷል። ከሄደ ወዲህ አንድ ቀን አልተመለሰም። ከኅዳር እስከ ሰኔ ሰባት ወር ነው፤ እኔ ደግሞ ሦስት ብያለሁ፣ ያውም በአማቷ ፊት፣ በሩ ገርበብ ብሎ።

እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። እኔ ምን ላድርግ፣ እጄ የነካውን ነው የተናገርኩት አልኩ። ልጅቷ ቡና ለቀማ መጋዘን ትሠራ ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አስቀሯት። የጎረቤት ሴቶች ሰላምታዋን መመለስ ተዉ። አማትየዋ በሩን ከውጭ መቆለፍ ጀመሩ ሲባል ሰማሁ። ሰምቼም ሥራዬን ቀጠልኩ።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ድሬሰሩ፣ ማለትም አለቃዬ፣ ለስብሰባ ወረዳ ሄደና የእሱን ክፍል እኔ ያዝኩ። እዚያ የሳንባ በሽተኞች ናቸው የሚታዩት። ክፍሉ ከግቢው ጀርባ ነው፤ ካርዱም ለብቻው፣ ቁጥሩም ለብቻው፣ ከእኛ ካርድ ጋር አይገናኝም። ሁለተኛው ተራ ላይ ያቺ ልጅ ገባች። አይታኝ ልትመለስ ስትል በሩ ላይ ያዝኳት።

«አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«መርፌዬን ልወጋ።»

ካርዷን አየሁ። ደም ያስላታል፣ ክብደቷ ቀንሷል፣ ሳንባ ነው ተብሎ መርፌ ተጀምሮላታል። አማትየዋ ከቤት የሚያስወጧት ለዚህ ብቻ ነው፤ በሽታው ይጋባብናል ብለው ስለፈሩ።

«ሁለት ሳምንት ሙሉ እዚህ ግቢ እየመጣሽ እኔ ጋ ለምን አልገባሽም?»

«አንቺ ጋ?» ቀና ብላ አየችኝ። «ምን ቀረሽ የምትጨምሪው?»

ወንበር ሳብኩላት።

«ከታች ያለው ደም አሁንም አለ?»

«አለ። ብሷል።»

«ለድሬሰሩ ነግረሽዋል?»

«ለወንድ?»

«ሳሉንስ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ።»

እውነቷን ነው። ሳሏን ለወንዱ፣ ደሟን ለሴቷ ተናገረች፤ እኛም እያንዳንዳችን የተነገረንን ጻፍን። አንዲት ሴት ሁለት ካርድ ላይ ተከፍላ፣ ግማሿን እሱ፣ ግማሿን እኔ ስናክም ነበር። የእኔን ካርድ ሄጄ አመጣሁና ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። ከዚያ በሰኔ መጠየቅ የነበረብኝን ጠየቅኳት።

«ከዚህ በፊት አርግዘሽ ታውቂያለሽ?»

«ከባሌ ነበረኝ። ጥር ላይ ወረደ። አራት ወሩ ነበር፤ ሆዴ ግን የስድስት ወር ያህል ነበር።»

«የወረደው ምን ይመስል ነበር?»

«አላሳዩኝም። አማቴ ወስደው ቀበሩት። ወንድ ልጅ ነው አሉኝ።»

ምሳ ሰዓት የትምህርት ቤት ደብተሬን ከሻንጣ አወጣሁ። ግማሽ ገጽ ብቻ ነው የጻፍኩት። መምህራችን ይሄ በሽታ ብርቅ ነው፣ ፈተና ላይ አይመጣም ስላሉን ሁላችንም ዘለልነው ነበር። አንዳንዴ እርግዝና ልጅ አይሆንም ይላል ደብተሬ፤ የእንግዴ ልጁ ብቻ እንደ ወይን ዘለላ ያብጣል፣ ሆዱም ከወሩ በላይ ይገፋል። ከወረደ በኋላ አንዳንዷ ላይ ርዝራዡ ወደ ካንሰር ይለወጣል። ደም አይቆምም። ማስመለሱ፣ የጡት ሕመሙ፣ የማኅፀኑ ማደግ እርጉዝ ያስመስላታል፤ ሽንቷ ሲመረመርም እርጉዝ ናት ይላል። ቶሎ ወደ ሳንባ ይሄዳል፣ ደም ያስላል። ስሙ ኮሪዮካርሲኖማ። ከስሩ አስምሬበታለሁ፤ ለምን እንዳሰመርኩበት አላስታውስም።

አለቃዬ ሲመለስ ሁለቱን ካርድ ይዤ ገባሁ። ጅማ እንላካት፣ እኔም አብሬያት ልሂድ አልኩት።

«እርጉዝ ናት ያልሽው አንቺ፣ አይደለችም የምትዪው አንቺ» አለኝ። «ሳንባዋ ደግሞ የእኔ በሽተኛ ነው። ጣቢያውን ጥለሽ የትም አትሄጂም ጓዲት።»

«እንግዲያው ረቡዕ ክበቡ ላይ ግለሂስ አደርጋለሁ» አልኩ።

በክበባችን ግለሂስ ማለት ተነስቶ ጥፋትን መናዘዝ ነው። ሁልጊዜ የምንናዘዘው ማርፈድ ነበር። አርፍጃለሁ፣ እታረማለሁ፣ ጭብጨባ።

«ስለ ምን?»

«በአንዲት በሽተኛ ስም ስለከፈትናቸው ሁለት ካርዶች። ስለ እኔ ብቻ ነው የምናገረው። ግን ሁለተኛው ካርድ የማን ነው ብለው ይጠይቁኛል።»

«ሦስት ቀን» አለ። «ያውም አማቷ አብረው ከሄዱ ነው። ቀበሌው ወረቀቱን ለእሳቸው እንጂ ለልጅቷ አይሰጥም።»

አማትየዋን ጓሯቸው አገኘኋቸው፣ ጎመን ሲቀነጥሱ። አልተነሱልኝም።

«እማማ፣ ጥር ላይ የቀበሩት ምን ነበር?»

«ልጅ ነዋ።»

«እጅ ነበረው? እግር?»

«ሲስተር፣ ያንቺ ምላስ አልበቃኝም?»

«አልበቃዎትም። እሷን ማዳን የሚችለው የእርስዎ ምላስ ነው።»

ጎመኑን ተዉት። ለልጃቸው ደብዳቤ አስጽፈው ነበር፤ ወንድ ልጅ ነበር፣ አላህ ወሰደው ብለው። ጦር ሜዳ ለተቀመጠ ልጅ ሌላ ምን ይጻፋል አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«መፈልፈያ ጣቢያው ገብተሽ ታውቂያለሽ? ቀዩ ቅርፊት ከወጣ በኋላ ውሃ ውስጥ የሚያሟልጭ ቡና አይተሻል? እንደዚያ። ግን ውሃ የቋጠረ፣ ስትነኪው የሚፈነዳ። ሳህን ሙሉ። ዋላሂ፣ ጂኒ ነው ብዬ ማንም ሳያይ ቀበርኩት።»

«እማማ፣ አሁንም ሆዷ ውስጥ ያለው እሱ ነው። ሳንባዋ ውስጥም ያለው እሱ ይመስለኛል። ልጅ የለም።»

«ሰው አልነካትም?»

«አልነካትም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

«እሷስ ይሄን ነበር የምትለኝ» አሉ። «እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ይዋሻል ብዬ አላሰብኩም።»

«አልዋሸሁም፣ ተሳሳትኩ።»

«ቁልፉን የያዝኩት እኔ ነኝ ልጄ። ለእሷ ልዩነቱ ምንድን ነው?»

በማግሥቱ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፈርን። ኬላው ላይ አወረዱን። የቡና ኬላ ነው፤ ሴቶች ቡና በቀሚሳቸው ስር አስረው ያሳልፋሉ ተብሎ ሴት ፈታሽ አለች። ልጅቷ ለደሙ ጨርቅ ደራርባ ታጥቃለች። ፈታሿ ወገቧን ጨበጥ አደረገችና ሳቀች።

«ስንት ኪሎ ነው የቋጠርሽው? ፍቺው።»

«በሽተኛ ናት» አልኩ።

«ሁሉም እዚህ ሲደርስ በሽተኛ ነው፣ እቴ። ፍቺ።»

ከቆርቆሮው ጀርባ ወሰደቻት። ሲመለሱ ፈታሿ ከእኛ ጋር ዓይን ለዓይን ሳትገናኝ እጇን ዝናቡ ውስጥ ዘርግታ ትታጠብ ነበር። ልጅቷ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ እስከ ጅማ በመስኮት አየች። አማትየዋ የራሳቸውን ጋቢ አውጥተው እግሯ ላይ ጣሉላት።

ጅማ ያገኘነው ሐኪም ጨዋታ የማይወድ ሰው ነበር። መጀመሪያ አማትየዋን ጠየቃቸው፤ ስለ ሳህኑ ሲነግሩት ቀና ብሎ እኔን አየኝ። አክታዋ ተመረመረ፤ የሳንባ ነቀርሳ አልተገኘም። ራጅ ተነሣች። ሳንባዋ ላይ ነጫጭ ክቦች፣ ትልቅም ትንሽም። ሽንቷ እርጉዝ ናት አለ። ላቦራቶሪው ሽንቱን በውሃ አቀጠነው፤ እርጉዝ። እንደገና አቀጠነው፣ መቶ እጥፍ፣ ከዚያም በላይ፤ አሁንም እርጉዝ።

«ሦስት ወር ያረገዘች ሴት በሽንቷ ይሄን ያህል የእርግዝና ሆርሞን የላትም» አለኝ ሐኪሙ። «ልጅ ቢሆን ኖሮ የልብ ትርታ እንፈልግ ነበር። ይሄ የሚያድገው ብቻውን ነው።»

«ማኅፀኗ ይወጣል?»

«አይወጣም፣ በመድኃኒት ይሞከራል። ካንሰር ሁሉ አንድ አይደለም፤ ይሄ ከተደረሰበት መድኃኒት ይሰማል፣ ሳንባ ከገባ በኋላም ቢሆን። ያለው ግን አዲስ አበባ ነው። መርፌ ለቀናት፣ ከዚያ ዕረፍት፣ እንደገና መርፌ። ሽንቷ እርጉዝ ናት ማለት እስኪያቆም ድረስ። አፏ ይቆስላል፣ ፀጉሯ ሊሳሳ ይችላል። ከዳነች በኋላ ደግሞ ቢያንስ አንድ ዓመት እንዳታረግዝ። ካረገዘች በሽታው ይሁን ልጁ አንለይም።»

«ዘግይተናል?»

«አንድ ወር ቀደም ብትሉ ጥሩ ነበር» አለ። ሰኔ ላይ እኔ ካየኋት እስከዚያ ቀን ሦስት ሳምንት ነበር።

የእኔ ደብዳቤ በሦስተኛው ቀን አለቀ። እነሱ ወደ አዲስ አበባ፣ እኔ ወደዚያች ከተማ። በሚቀጥለው እሁድ የቀበሌው ስብሰባ ላይ ሂስና ግለሂስ ሲባል እጄን አወጣሁ። አለቃዬ ከፊት ተቀምጦ አንገቱን ደፋ።

«እርጉዝ ናት ብዬ የተናገርኩባት ሴት እርጉዝ አልነበረችም» አልኩ። «በሽታ ነው። ከባሏ በቀር ወንድ ለመቅረቧ ምንም ማስረጃ የለኝም፤ ኖሮኝም አያውቅም። የተሳሳትኩት ስለቸኮልኩ ነው።»

ጭብጨባ የለም። ሊቀመንበሩ እታረማለሁ ማለቴን ይጠብቃል። ከኋላ አንዲት ሴት፣ የመጋዘኑ ቡና ለቃሚ ናት፣ ሳትነሳ ተናገረች።

«ታዲያ ለምን ደብቀሽ ወሰድሻት?»

«አልደበቅኳትም።»

«ለማስወረድ ነው ይባላል።»

«ማን ይላል?»

«ይባላል ነው ያልኩሽ።»

ሳቅ ተሰማ። ሆዷ ውስጥ ምን እንዳለ ላስረዳ ጀመርኩ፤ የእንግዴ ልጅ፣ ሳንባ፣ ሽንት። ባስረዳሁ ቁጥር ውሸት መሰለብኝ። አንድ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ የተናገርኩትን አንድ ሰዓት ተናግሬ መመለስ አቃተኝ። ሊቀመንበሩ ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ።

በጥቅምት ተመለሱ። ፀጉሯ ሳስቷል፣ ከንፈሯ ላይ የቁስል ጠባሳ አለ፣ ሳሏ ግን የለም። መጋዘኑ መልሶ ተቀበላት። አንዳንዶቹ ሰላም ይሏታል፤ አንዳንዶቹ አሁንም አስወርዳ ነው ይላሉ። የእኔ የዝውውር ማመልከቻ ደግሞ አገልግሎትሽን ጨርሺ ተብሎ ተመለሰ።

በየወሩ ሽንቷን በጠርሙስ ወደ ጅማ እልካለሁ፤ ዓመት እስኪሞላ ይቀጥላል። በሽታው ቢመለስ መጀመሪያ የሚያውቀው ሽንቷ ነው። በመጀመሪያው ወር ውጤቱ ሲመጣ ፖስታውን ከፍቼ ልነግራት ስል እጇን አነሳች።

«አንቺ አትናገሪ።»

«ደግ ነገር እኮ ነው።»

«ደግም ቢሆን አትናገሪ።»

ወረቀቱን ለአማቷ ሰጠቻቸው። እሳቸው በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥረዋል፤ ላቦራቶሪውም እኔ ስለለመንኩት ውጤቱን በአማርኛ ነው የሚጽፈው። ከዚያ ወዲህ ደንቡ ይሄ ነው። ሁለቱ አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ፣ እኔ ቆሜ እጠብቃለሁ። አማትየዋ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ያስጠጉና ጣታቸውን ፊደሉ ላይ ያደርጋሉ።

«እ... ር... ግ...»

ልጅቷ ትንፋሿን ትይዛለች። ውጭ በረንዳው ሞልቷል። ልናገር እፈልግና አፌን እዘጋለሁ፤ የሚፈጀውን ያህል ይፈጃል።

«...ዝ... ና... የ... ለ... ም።»