አያርፌ የተቀመጠበት ቀን

ዕድሜውን መሪ ጨብጦ የኖረ ሾፌር መቀመጥ አይችልም ብል የሚያምነኝ የለም። የእህቴ ባል ግን እንዲህ ነበር። አውቶቡስ ላይ ሲሆን ይቀመጣል፤ ወንበሩ ይሄዳላ! ከወረደ በኋላ ግን ሻይ እንኳ የሚጠጣው ቆሞ ነው። ብርጭቆውን ይዞ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ይመላለሳል። እህቴ ይሰለቻትና፣ "አንተ ሰው፣ ወለሉን ጨረስከውኮ! ወይ ተቀመጥ፣ ወይ ሂሳብ ክፈልና ውረድ" ትለዋለች። ሰፈሩ "አያርፌ" ያለው በዚህ ጠባዩ ነው። ስሙ ከመጽናቱ የተነሳ የምርጫ ወረቀት ላይ እናቱ ያወጣችለት ስም ሲታተም፣ "ይሄ ደግሞ ማነው?" ብለው የጠየቁ ነበሩ።

ሰፈራችን ኮረብታ ላይ ነው። የከተማው አውቶቡስ ግርጌው ድረስ ይመጣና ይመለሳል። ከዚያ ወደ ላይ ያለው መንገድ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፤ በአንድ ወገኑ ገደል አለ። ወደ ቤቱ የሚወጣ ሰው ወይ በእግሩ ያዘግማል፣ ወይ ነፍሱን ለፈጣሪ አደራ ሰጥቶ በአንዲት አሮጌ ሚኒባስ ይሳፈራል። አያርፌ ሾፌር ሳለ ዝናብ ሲበረታ ወይም ነፍሰ ጡር ስትሳፈር፣ ከአለቆቹ ተደብቆ ትልቁን አውቶቡስ እያቃሰተ ላይ ድረስ ያወጣው ነበር። ደጋግመው አስጠነቀቁት። አልሰማም። በመጨረሻ አሰናበቱት።

በተባረረበት ሳምንት የሰፈሩ ሽማግሌዎች ቤቱ መጡ። እኔም ነበርኩ። ቃል የጀመረው አናጢው ነው።

"ልጄ፣ በእኛ የተነሳ እንጀራህን አጣህ። አሁን ደግሞ እኛ እንላክህ።"

"የት ነው የምትልኩኝ?"

"የክልሉ ምክር ቤት።"

"እዚያ ሄጄ ምን እሠራለሁ?"

አናጢው ትንሽ አሰበና፣ "ትቀመጣለህ" አለው። እህቴ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወደ ጓዳ ገባች።

ተመረጠ። የምክር ቤቱ አዳራሽ ወለሉ ምንጣፍ፣ ወንበሩ ቆዳ ነው። ሌሎቹ ወንበሩ ውስጥ ሰምጠው ሲውሉ እሱ ትንሽ ተቀምጦ ብድግ ይልና ኮሪደሩን ሲለካ ይቆያል። አባላቱ ለምደውት፣ ገና ሲነሳ አንዱ ከኋላ "ወራጅ አለ!" ይላል፤ አዳራሹ ይስቃል። እሱም አብሮ ይስቅና ይወጣል። ሥራውን የሚሠራው በእግሩ ነበር። የፍራሽ ሰሪው ቤት ሲቃጠል ከእሳት አጥፊዎቹ ቀድሞ ባልዲ ይዞ የተገኘ እሱ ነው። ጎርፍ የትምህርት ቤቱን አጥር ሲያፈርስ ሱሪውን ጠቅልሎ ጭቃ ውስጥ የገባ እሱ ነው። የታመመ ሰው ካለ የምክር ቤቱን መኪና ይዞ፣ ስልኩ ሳይቀዘቅዝ በር ላይ ነው። ሰፈሩም ለመደው። ችግር ሲመጣ "አያርፌን ጥሩት" ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ሌላ አያስብም።

እሱ ግን የተመረጠበትን ጉዳይ አልረሳም። መንገዱ እንዲሰፋና የከተማው አውቶቡስ እስከ ላይ እንዲዘልቅ የሚያዝ ረቂቅ ሕግ አቀረበ። ረቂቁ ከኮሚቴ ኮሚቴ ሲንከባለል የመጀመሪያው ዘመኑ አለቀ። እንደገና ተመርጦ እንደገና አቀረበ። አንድ ቀን በመንገድ አግኝቼው፣ "እህ፣ ነገሩ ከምን ደረሰ?" ብለው ራሱን ነቀነቀ።

"ጋሼ፣ አውቶቡስ ቢሆን መሪውን ስታዞር ይዞራል። እዚያ ግን መሪውን ዛሬ ታዞራለህ፤ ጎማው የሚዞረው ለከርሞ ነው።"

የሁለተኛው ዘመን የመጨረሻ ስብሰባ ዕለት ረቂቁ ለድምፅ ቀረበ። በዚያን ቀን ድምፅ ካልተሰጠበት የምክር ቤቱ ዘመን ያበቃል፤ ረቂቁም አብሮት ይቀበራል። የሸለቆው ከተሞች ተወካዮች ገንዘቡ ለእነሱ የገበያ አዳራሽ እንዲውል ይፈልጉ ነበር። ድምፅ ከተሰጠ እንደሚሸነፉ አውቀውታል። ደንቡ ግን ከአባላቱ ከግማሽ በላይ አዳራሹ ውስጥ ካልተገኘ ድምፅ አይሰጥም ይላል፤ ምልዓተ ጉባኤ የሚሉት ነው። ስለዚህ የመረጡት ዘዴ መውጣት ሆነ። አንዱ ሳል ይዞት ይወጣል፣ ሌላው ስልክ ጠርቶት ይወጣል፣ ሌላው ሰበብ መፈለግም ሰልችቶት ዝም ብሎ ይወጣል። የቀሩት ጥቂቶች ደግሞ መድረኩን ተራ በተራ ይዘው ማለቂያ የሌለው ንግግር ያደርጋሉ፤ ጊዜ እየገደሉ ሌላ ሰው እስኪጎድል ነው።

እኔ ሰገነቱ ላይ ካሉት የተመልካች ወንበሮች በአንዱ ተቀምጬ ነበር። ከምሳ በኋላ የጉባኤው ጸሐፊ ራስ ስትቆጥር ቆይታ ወደ አያርፌ ጎንበስ አለች። ምን እንዳለችው ኋላ ነገረኝ።

"ክቡር፣ ዛሬ እንዳይወጡብን። እነሱ ሁሉ ቢወጡም ልክ እንሞላለን፤ እርስዎ ከወጡ ግን ይጎድላል።"

"ለሽንትም?"

"ለሽንትም።"

እንግዲህ ተቀመጠ። ከላይ ሆኜ ሳየው ጉልበቱ ከጠረጴዛው ሥር ይንቀጠቀጣል። አንገትጌውን ይፈታል፣ ይቆልፋል። ብርጭቆው ውስጥ ያለው ውሃ ይናወጣል። አጠገቡ የተቀመጠችው ተወካይ ብርጭቆዋን ወደ ራሷ እየሳበች፣ "ወንድሜ፣ ጉልበትህን ያዝልኝ፤ ጀልባ ላይ ያለሁ መሰለኝኮ" ስትለው ሰዎች ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። የኔም እግር ከእሱ ጋር ይንቀጠቀጥ ነበር።

የሸለቆው ተወካዮች መሪ ባለመነጽር ሰውዬ ነው፤ ትሁት፣ አንደበቱ ቅቤ። መጣና በጆሮው፣ "የቴሌቪዥን ሰዎች ውጭ ይፈልጉሃል" አለው።

"ነገ ይፈልጉኝ።"

ሄደ። ጥቂት ቆይቶ ፊቱን አጥቁሮ ተመለሰ። "ወንድሜ፣ የሰፈራችሁ ሚኒባስ ቁልቁለቱ ላይ ተገልብጣለች አሉ።"

"አሁንስ አበዛኸው! በሰው ነፍስም ትቀልዳለህ?"

"እናቴ ትሙት፣ እውነቴን ነው።"

አያርፌ ፊቱን አዞረበት። ግን ከዚያ በኋላ ዓይኑ ከበሩ አልተነቀለም። መድረኩ ላይ ያለው ሰው ስለ ቀደምት አባቶች ቆጣቢነት ይተነትናል። ብዙም ሳይቆይ የበሩ ጥበቃ በእግር ጣቱ እየረገጠ ገባ።

"ጌታዬ፣ የእርስዎ ስልክ ዝግ ሆኖባቸው ባለቤትዎ በበሩ ስልክ ደውለዋል። እውነት ነው፣ ሚኒባሷ ተገልብጣለች።"

"የሞተ አለ?"

"የተጎዱ አሉ፤ ሌላውን ገና አላወቁም። 'መኪና ይዘህ ቶሎ ና' ብለዋል። ምን ልበላቸው?"

አያርፌ ተነሳ። ከላይ የሰማሁት ነገር አልነበረም፤ ያየሁት ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ፣ ወገቡ ቀና ሳይል፣ ግማሽ ተነስቶ መቅረቱን ነው። ተናጋሪው ንግግሩን አቋረጠ። ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን አነሳች። ባለመነጽሩ ሮጦ ሄዶ በሩን በእጁ ገፍቶ ከፈተለት፤ ቆሞም ጠበቀው። አዳራሹ በሙሉ ያን ጎንበስ ያለ ወገብ ያያል። "ወራጅ አለ" ያለ ግን የለም።

ከዚያ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። "ሌላ መኪና ይፈልጉ በላት፤ እኔ መምጣት አልችልም" አለ።

ድምፅ የተሰጠው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። እጆች ወጡ፣ ተቆጠሩ፣ ሕጉ ጸደቀ። ጭብጨባው ሳያልቅ እሱ ደረጃው ላይ ነበር። እያለከለክሁ መኪናው ውስጥ ደረስኩበትና ነገሩን ያን ጊዜ ሰማሁ። መንገዱን ሁሉ ቀኝ እግሩን ወለሉ ላይ ሲጫን ሾፌሩ አየውና፣ "ጌታዬ፣ ነዳጁ በእኔ በኩል ነው" አለው። አልሰማውም።

ጤና ጣቢያው ግቢ ሰው ሞልቷል። የሞተ አልነበረም፤ ተመስገን። የሚኒባሷ ሾፌር ጥርሱ ረግፏል፣ ሁለት ተሳፋሪዎች ተፈንክተዋል። ክፉኛ የተጎዳችው የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ናት፤ እግሯ ከጉልበቷ በታች ተሰብሯል። እህቴ በር ላይ ተቀብላው ጎትታ ወደ ጥግ ወሰደችው።

"ነገርኳቸውኮ! 'አይመጣም፣ ሌላ መኪና ፈልጉ' አልኳቸው። ማን ይስማኝ? አናጢው 'አያርፌ ነው የማይመጣው? እሱን አታውቂውም እንዴ፣ አሁን ከች ይላል' አለኝ፤ ለእኔ፣ ለሚስቱ! መንገድ ዳር አስተኝተዋት ሲጠብቁህ ዋሉ። ሊመሽ ሲል ነው አናጢው የቤቱን በር ነቅሎ፣ እሱ ላይ አስተኝተው በሸክም ያወረዷት።"

ገባ። ልብስ ሰፊዋ ጣራውን እያየች ተኝታለች። ሳትዞር፣ "አሁን መጣህ?" አለችው።

"ሕጉ ጸድቆ ነው። አውቶቡሱ ሊመጣልሽ ነው።"

"ሕጉ እግሬን ይጠግነዋል?"

ሐኪሙ ቆይታ ስለመጣች አጥንቱ እንደ ድሮው እንደማይገጥም ተናገረ። አያርፌ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፤ ዕድሜውን ሙሉ እንደዚያ ሳይንቀሳቀስ አይቼው አላውቅም።

ምርጫ ሲመጣ የሰፈሩ ወጣት ስልክ ጠጋኝ ተፎካከረው። ምላሱ ስል ነው፤ ስብሰባ ላይ "እኔን ስትጠሩኝ እመጣለሁ!" ማለት ብቻ በቃው። ሰፈርተኛው ደግሞ በየሱቁ በር "አያርፌ በስተርጅና አረፈ" እያለ ይሳለቃል። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል፣ ምናልባት በልቶ ይሆናል የተቀመጠው" ያለም አልጠፋ። ቤቱ ድረስ ሄጄ ጮኽሁበት።

"ንገራቸው እንጂ! አንተ ብትወጣ ኖሮ ሕጉ ወድቆ እንደነበር ንገራቸው!"

"ምን ብዬ፣ ጋሼ? 'እናንተ መንገድ ላይ ወድቃችሁ ስትጠብቁኝ እኔ ወንበር እያሞቅሁ ነበር፣ ግን ለእናንተው ነው' ልበል? እውነት ነው። ለእሷ ግን በምን አፌ እነግራታለሁ?"

ተሸነፈ፤ ያውም በሰፊው። የምክር ቤቱን መታወቂያ መልሶ በእግሩ ወደ ቤት መጣ። ከዚያ ወዲህ ያሉት ወራት ለእህቴ መከራ ነበሩ። ያልተበላሸ ቧንቧ ፈታ፣ ያልዘመመ አጥር አቃና። ማንም አይጠራውም፤ እሱ ግን ስልኩን ኪሱ ውስጥ እየዳበሰ ይወጣል፣ ይገባል። መንገዱ ሲሰፋ በየቀኑ እየሄደ ከሠራተኞቹ ጋር ድንጋይ ያነሳ ነበር፤ "ማነው ይሄ ሰውዬ?" ይባባላሉ።

አውቶቡሱ የጀመረ ዕለት ሪባኑን ስልክ ጠጋኙ ቆረጠ። አያርፌ ከሕዝቡ ኋላ ቆሞ አጨበጨበ፤ ከልቡ መሰለኝ። ከማግሥቱ ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ላይኛው ፌርማታ አይታጣም። የአሮጊት ዕቃ ያወርዳል፣ ሕፃን ይቀበላል፣ ሾፌሩን "መሪውን ቀደም ብለህ ስበር" እያለ ያሰለቻል። ልብስ ሰፊዋ ግን እሱን ስታይ በኋለኛው በር ትወርዳለች።

አንድ ቀን እኔም ፌርማታው ላይ ነበርኩ። አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቶ መጣ፤ ወደ ኋላ መሄጃ የለም። ልብስ ሰፊዋ በፊተኛው በር፣ የጨርቅ ጥቅል ታቅፋ ብቅ አለች። እጁን ዘረጋላት። እጁን አየችው፣ ብረቱን ያዘች፣ የማይታጠፈውን እግሯን አስቀድማ እየተሳበች ወረደች። ፊት ለፊቱ ቆመች። እሱ እጁን መመለስ ረስቷል።

"እንዴት ዋልሽ?" አላት።

አውቶቡሱ በሩን ዘግቶ ዞረ፤ ሰዉ ተበታተነ። ከዚያ ጥቅሉን ደረቱ ላይ ገፋችበት።

"ቆመህ ምን ታየኛለህ? ያዝ እንጂ! ደንበኛዬ በር ላይ ቆማ እየጠበቀችኝ ነው።"

ታቀፈውና እንደ ልማዱ ተፈተለከ። ገና ጥቂት እንደሄደ ከኋላው ጮኸችበት።

"ሰውዬ! ወዴት ነው የምትበረው? ቀስ በል፣ እኔ መሮጥ አልችልም!"

ቆመ። እስክትደርስበት ጠበቃት። ከዚያ እሷ አንድ ስትራመድ እሱም አንድ እየተራመደ ዳገቱን ተያያዙት፤ እሷ ስለ ክር መወደድ ታወራለች፣ እሱ ይሰማታል።