በከዘራ የተሣለ አገር

የእናቴ ወንድም ጋሼ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። ንፋስ መውጫ ቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው በከዘራቸው አፈሩ ላይ ካርታ ይሥላሉ። የሚሥሉት የእኛን አገር አልነበረም፤ በልጅነታቸው ያስተማሯቸው ህንዳዊ መምህር የመጡበትን፣ በምሥራቅ ህንድ ያለውን የፓትናን ግዛት ነው።

«ሦስት አውራጃ አለው፤ ፓትና፣ ጋያ፣ ሻሃባድ። በሰሜን በኩል ጋንጀስ ይፈስሳል» ይሉኛል።

አንድ ቀን ስልኬን ከፍቼ አየሁና፣ «ጋሼ፣ ዛሬ እኮ ስድስት ሆኗል። ሻሃባድ የሚባል አውራጃም ቀርቷል» አልኳቸው።

ተቆጡ። «ስሙን ቢያጠፉት አፈሩ የት ይሄዳል? ሰው የአፈሩ ነው። እኔንም የተወለድኩበት አርብ ገበያ፣ ከእናቴ ጎን ነው የምትቀብሩኝ፤ ሰማህ?»

ባለፈው ክረምት አረፉ። በግጭቱ ምክንያት መንገዱ ተዘግቶ ነበር። አስከሬናቸውን ይዘን እስከ ኬላው ሄድን፤ ጠባቂዎቹ «አይታለፍም» አሉን። የሩቁን አገር አውራጃ በቃላቸው የሚቆጥሩት ሰው ለጎረቤት ወረዳ አልበቁም። መልሰን ንፋስ መውጫ ቀበርናቸው። ደጃፋቸውን ዝናብ አጥቦታል፤ አንድ መስመር እንኳ አይታይበትም።

በቀብሩ ማግስት የአክስቴ ልጅ ከአርብ ገበያ ደወለ።

«መቃብሩን ቆፍረን ስንጠብቅ ዋልን። አሁን ምን እናድርገው?»