ለዱር የተጎተተችው ጥጃ

ደገኛ ሰው ተኩላ ሲባል የሚያስበው በግ ነጣቂ ሌባ ነው። እኔም ከደጋ ወርጄ መተማ ስሰፍር እንዲያው ነበር የማስበው። የእኛ ቆላ ተኩላ ግን ሌላ ነው። ጆሮው ክብና ሰፊ፣ እግሩ ቀጭን፣ ጠጉሩ ጥቁሩ ከነጩ ከቢጫው ተደበላልቆ አንዱ ከሌላው የማይመሳሰል ነው። ድምፁን ሰምቶ ተኩላ ነው የሚል የለም፤ እርግብ ነው የሚመስለው።

እኔ የደን ጠባቂ ነኝ፤ ስካውት ይሉናል። ጠመንጃ ሰጥተውኛል፣ ሥራው ግን ጠመንጃ አይፈልግም። ሥራው ጭቅጭቅ ነው። እረኛውን «ከዚህ አትለፍ»፣ ከሰል አክሳዩን «ተው ያን ዛፍ»፣ በየዓመቱ አንድ ሁለት ትልም ወደ ደኑ የሚገፋውን ባለ ትራክተር «አምና ድንበርህ ያችን ዲዛ ዛፍ አላለፈም» እያሉ መጨቃጨቅ ነው። ለዚህ ደግሞ ፈጣሪ አልነፈገኝም። ግትር ነህ ይሉኛል። ልክ ናቸው።

ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ጎልምሼ ነው። ስለዚህ አጻጻፌ ቢንሻፈፍ እለፉኝ። ይህን ታሪክ ሰው እንዲጽፍልኝ አልፈለግሁም። ሌላ ሰው ቢጽፈው ወይ እኔን ያሳምረኛል ወይ ሚስቴን ይወቅሳታል።

በእኛ ደን የቀረው የተኩላ መንጋ አንድ ብቻ ነበር። ድሮ ከሽንፋ ወንዝ ወዲህም ወዲያም ነበሩ ይላሉ ሽማግሎች። እርሻው ሲሰፋ ደኑ ጠበበ፣ ከውሻ የሚጋባ በሽታም ጨረሳቸው። ይኸኛው መንጋ ሽመል፣ የቆላው ቀርከሃ፣ በበዛበት ሸለቆ ውስጥ፣ አሳማ መሳይ አውሬ ቆፍሮ የተወውን ጉድጓድ ይዞ ይኖር ነበር። ለብዙ ዓመት ቡችላ አላየንባቸውም። ቡችላ ካልመጣ ደግሞ ያሉት አርጅተው ማለቃቸው ነው። እኔም አርጅቻለሁ፤ የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እኔ ከሥራው ስወጣ የሚጠበቅ ነገር ትቼ መውጣት።

ይህ ነገር በሆነበት ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ቡችላ ወለዱ።

ከማዶ ካለ ጉብታ ላይ ሆኜ ነው የማያቸው። አልቀርባቸውም። ጠዋት አደን ሲወጡ አንዱ ከቡችሎቹ ጋር ይቀራል። ሲመለሱ ቡችሎቹ ከጉድጓዱ ተግተልትለው ወጥተው አፋቸውን በትልልቆቹ አፍ ውስጥ ይከትታሉ። ያን ጊዜ ትልልቆቹ ሥጋውን ያወጡላቸዋል። በሆዳቸው ተሸክመው ነው የሚመጡት። ለቡችላው፣ ቤት ለጠበቀው፣ ለታመመው፣ ለሁሉም ይደርሳል። አንድ አንካሳ ነበር፤ እግሩን ወጥመድ የያዘው። አድኖ አያውቅም፤ ተርቦም አያውቅም።

ይህን ለሚስቴ ነገርኋት።

«እሰይ!» አለች። «አንተ ከገበያ ስትመለስ ሆድህ ሙሉ፣ እጅህ ባዶ ነበር። ምነው ከነሱ በተማርህ።»

እንዲህ ናት። ልጆቻችን አድገው ከተበታተኑ ወዲህ ቤቱ ውስጥ እኔና እሷ፣ ጥቂት ላሞቿም ብቻ ነን። ከደን በተመለስሁ ቁጥር በር ላይ ቆማ «ልጆችህ ደኅና ናቸው?» ትለኛለች። ልጆችህ የምትለው ተኩሎቹን ነው። «ደኅና ናቸው» እላታለሁ። «እግዜር ያሳድግልህ። ሲያድጉ ይጦሩሃል» ትላለች። እስቃለሁ። አንዳንዴ አልስቅም፣ እሷ ትስቃለች።

ያ ዓመት ክፉ ዓመት ነበር። ከድንበሩ ወዲያ ሱዳን ይዋጋል፤ ሕዝቡ ፍራሹን ተሸክሞ ወደ እኛ ይሻገራል። ከድንበሩ ወዲህም ተኩስ አልጠፋም። ተኩስ ሲበዛ ድኩላውም ሚዳቋውም ሸሸ። ተኩሎቹ ጠዋት ወጥተው ሆዳቸው እንደተጣበቀ ሲመለሱ አየሁ። ቡችሎቹ አፋቸውን ይከትታሉ፣ የሚወጣ የለም። አንድ ቀን እህል ቀርቦልኝ መብላት አቃተኝና ሚስቴ ምን ሆነህ ነው ብትለኝ ነገርኋት። ያን ቀን አልቀለደችም። «ቡችሎቹም?» ብቻ አለች።

እዚህ አገር ልማድ አለ። ከብት ታሞ ወይም በአደጋ ከሞተ በክት ነው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም አይበላውም። አይቀበርም። እግሩን በገመድ አስረው ከመንደር ውጭ ይጎትቱታል። «የዱር ድርሻ ነው» ይባላል። አሞራም ጅብም ይበላዋል፣ ጠዋት አጥንቱ ይቀራል። ከብት መቅበር የምቀኛ ሥራ ነው ይላሉ፤ አንተ የማትበላውን ሌላው እንዳይበላ መከልከል።

የሰሊጥ አጨዳ ደርሶ ነበር። ሰሊጥ ታጭዶ ነዶው ተደጋግፎ ቆሞ ይደርቃል፤ ሂላ እንለዋለን። ሂላው ሲቆም ፍሬውን የሚመጥ ትንሽ ተባይ ይመጣል። ለሱ ባለ እርሻው ሂላው ሥር ነጭ ዱቄት መድኃኒት ይነሰንሳል። ሁሉም እንዲህ ያደርጋል። የቀን ሠራተኞች እዚያው አጠገብ ይተኛሉ፤ እኛም ለምደነው መድኃኒት መሆኑን ረስተነዋል።

አንድ ሰኞ ለስብሰባ ገንዳ ውሃ ከተማ ሄድሁ። ስብሰባው ስለ ደን እሳት ነበር፤ መኪና ጠፍቶ አድሬ በማግስቱ ከሰዓት ተመለስሁ። ሚስቴ በር ላይ ነበረች። ፊቷ በርቷል።

«ዛሬ ስለ ልጆችህ አትጨነቅ» አለችኝ። «ምሳ ልኬላቸዋለሁ።»

«የምን ምሳ?»

«ቡራዋ ጥጃ ትናንት ከእረኛው አምልጣ ሂላ ገባች። ሰሊጡን ግጣ ግጣ ሆዷ ተነፋና ሞተች። አለቀስሁላት። ኋላ ግን ከሞተች አይቀር ብዬ ዛሬ ጠዋት ጎረቤታችንን በበሬ አስጎትቼ ሽመሉ ዳር አስጣልኋት። ጅብ ሳይቀድም ያንተዎቹ ይብሉ ብዬ።»

ደስ አለኝ። አልዋሽም፤ ደስ አለኝ። ሚስቴ ላሞቿን ከእኔ አስበልጣ የምትወድ ሴት ናት። ጥጃዋ በሞተች ማግስት የእኔን ተኩላ ማሰቧ ልቤን ነካው። «አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬ ደግሞ ሰው ሆንሽ» አልኋት። «አንተ መቼ ትሆናለህ?» አለችኝ። ሰሊጥ የበላ ከብት ሆዱ ተነፍቶ እንደሚሞት እዚህ አገር የማያውቅ የለም። እሷም ያንን አሰበች። እኔም ሌላ አላሰብሁም።

በማግስቱ ጠዋት ወጣሁ።

መጀመሪያ ያየሁት አሞራ ነው። ሽመሉ ዳር መሬት ላይ ክንፉን ዘርግቶ ተኝቷል። አሞራ እንዲያ አይተኛም። ወዲያ ደግሞ ሌላ፤ ከዛፍ ሥር እንደ አሮጌ ኩታ ተጨማዶ። ጥጃዋ ዘንድ ስደርስ ሆዷ ተበልቷል። ሥጋው ላይ ያረፈው ዝንብ ረግፏል። ጎንበስ ብዬ አፏን አሸተትሁ። ያ የሂላ ሽታ ነው። በአፍንጫዋ ቀዳዳ ዳር ነጩ ዱቄት እንደ ሊጥ ደርቆ ተጣብቋል።

ወደ ጉድጓዱ ሮጥሁ። እኔ የምሮጥ ሰው አይደለሁም። በስንት ዓመቴ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጉብታው ማዶ ተሻገርሁ።

ትልልቆቹ በመንገድ ላይ ወድቀው ነበር፤ አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ፣ ሁሉም ፊታቸው ወደ ጉድጓዱ ነው። አንዳንዶቹ ደርሰዋል። የደረሱት ደግሞ የተሸከሙትን አውጥተዋል። ቡችሎቹ ጉድጓዱ አፍ ላይ ነበሩ። ተደራርበው፣ የተኙ ነበር የሚመስሉት። አንዱን በጣቴ ነካሁት። ሆዱ ሞልቷል። ያ ሁሉ ሳምንት ባዶ የነበረ ሆድ።

እዚያ ምን ያህል እንደተቀመጥሁ አላውቅም። ለደን ጽሕፈት ቤታችን ስልክ ደወልሁ። ጉብታ ላይ ወጥቼ ነው መስመር ያገኘሁ። ያነሳው ጎልማሳ ደኅና ሰው ነው፤ እስክጨርስ ሰማኝ። ኋላ «አባቴ፣ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ መንገዱ በተኩስ ተዘግቷል። መምጣት አንችልም። ፎቶ ያንሱልን» አለኝ።

«ልጄ፣ ስልኬ ባለ ቁልፉ ነው። ፎቶ አያነሳም።»

«እንግዲያውስ ሌላ አውሬ ሳይበላቸው ይቅበሯቸው። እጅዎን ይጠብቁ። ጥጃዋንም ይቅበሩ።»

ቤት ስደርስ ሚስቴ ላም እያለበች ነበር። ሳታየኝ «በሉልኝ?» አለች።

መንገዱን ሁሉ ሳስብ የመጣሁት ይህንን ነበር። ጅብ ቀደማቸው ብላት ማን ያውቅብኛል? ግን በማግስቱ ሌላ ከብት ቢሞት ያንኑ ታደርጋለች፤ ሌላው ሰውም ያደርጋል። ደግሞም ከእሷ ጋር በኖርሁበት ዘመን ሁሉ ጨክኜባት አውቃለሁ፣ ዋሽቻት ግን አላውቅም።

«በሉ» አልኋት። «ጥጃዋ በሆድ መነፋት አይደለም የሞተች። በሂላው መድኃኒት ነው። ሁሉም አልቀዋል።»

እጇ ጡቱ ላይ እንዳለ ቆመ።

«ቡችሎቹስ?»

«አምጥተው አበሏቸው።»

አላለቀሰችም። ስታለቅስ አውቃታለሁ፤ ጎረቤት ነው የምትጠራው። ያን ቀን ወተቱን መሬት ላይ አስቀምጣ ገባችና ዶማ ይዛ ወጣች። «ተኩሎቹን ብቻዬን እቀብራለሁ፤ አንቺ እዚህ ሁኚ» ብላት ቀድማኝ መንገድ ገባች። ጥጃዋን የጎተተው ጎረቤት አጥር ላይ ሆኖ ሰማንና «ምነው፣ ለአውሬ ደግሞ ቀብር ተጀመረ? ተዝካሩን መቼ ነው የምንበላ?» አለ። ነገሩን አላወቀም። ኋላ ሲሰማ ራሱ አካፋ ይዞ መጥቶ ጥጃዋን ቀበረ፤ አንገቱን ቀና አላደረገም።

እኔና ሚስቴ ጉድጓዱ ዘንድ ቆፈርን። የቆላ መሬት ክረምቱ ከወጣ እንደ ድንጋይ ነው። በፌስታል እጃችንን ጠቅልለን ነው የያዝናቸው። ቡችሎቹን እሷ አነሳች። አንድ በአንድ ነው ያነሳቻቸው፣ አልደራረበቻቸውም። አንዱን ይዛ ጆሮውን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችውና «ጆሮው እንዲህ ትልቅ ነው እንዴ» አለች።

አፈር እየመለስን ሳለ ከሽመሉ ውስጥ ድምፅ መጣ። «ሁ… ሁ…» የሚል።

«እርግብ ነው?» አለችኝ።

«አይደለም።»

አንካሳው ነበር። ዘግይቶ ይሁን፣ ሌላ ቦታ አድሮ ይሁን፣ ወይም ድርሻው ሳይደርሰው ወድቀውበት ይሁን አላውቅም። ከሽመሉ ወጥቶ ማዶ ቆመ። አንድ እግሩን አንጠልጥሎ ጆሮውን ወደ እኛ አቁሟል። ደግሞ ጠራ። ሲጠራ አንገቱን ወደ መሬት ዝቅ ያደርጋል፤ ይሰማል፤ ደግሞ ይጠራል። እነሱ ሲጠፋፉ እንዲህ ነው የሚፈላለጉት። መልስ ይመጣል ብሎ ነው የሚሰማው።

ሚስቴ ዶማውን ጣለች። በሕይወት ያለ ተኩላ ስታይ ያ የመጀመሪያዋ ነው።

«ጥራው» አለችኝ። «አንተ ታውቃቸዋለህ። ና በለው፤ ወተት እሰጠዋለሁ።»

«አይመጣም።»

«ይህን ሁሉ ዓመት ስትጠብቃቸው አያውቅህም?»

«አያውቀኝም። እንዳያውቁኝ ነበር የጠበቅኋቸው። ሰው ያወቀ አውሬ አንድ ቀን ይሞታል።»

«አሁንስ ምን ቀረው?» አለች። ጮኸች ማለት ይቀላል። «አሁንስ ከምን ልትጠብቀው ነው? ጥራው ነው የምልህ!»

ጠራሁት። በሕይወቴ አድርጌው የማላውቀውን፣ በስተርጅና፣ እጄን አፌ ላይ ሰብስቤ «ሁ… ሁ…» አልሁ። ደረቅ፣ የተሰነጠቀ ድምፅ ወጣኝ። አንካሳው ጭራሽ ደነገጠ። ለአፍታ እኔንም እሷንም አየን፤ ዛፍ ቆራጭ እንደሚያይ ነው ያየን። ዞረና እያነከሰ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ወንዙ ሄደ። ሚስቴ ጥቂት ተከተለችው። ኋላ ቆመች።

ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። አንድ እረኛ ወንዙ አሸዋ ላይ ሦስት እግር የረገጠ ዱካ ወደ ሱዳን ሲሻገር አየሁ ብሎኛል። እዚያ ደግሞ ጦርነት ነው።

አሁን በእኛ መንደር ከብት ሲሞት ይቀበራል። ያስጀመረችው ሚስቴ ናት። ውኃ መቅጃው ላይ፣ ወፍጮ ቤት፣ ለቅሶ ቤት፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ «እኔ ነኝ የገደልኋቸው» ብላ ትጀምራለች። በቃሽ፣ ሰው ሁሉ ሰምቷል፣ አውቀሽ አላደረግሽውም እላታለሁ። «ያልሰማ አለ» ትለኛለች። ባለፈው ሳምንት የሩቅ ጎረቤት በሬ ሞተ ተባለ። ዶማዋን ይዛ በዚያ ፀሐይ ወጣች። እኔም የጥበቃ ጊዜዬ ነበርና ጠመንጃዬን ይዤ ወጣሁ። እሷ ወደ በሬው፣ እኔ ወደ ደኑ። ጉብታው ላይ ወጥቼ እስኪመሽ ተቀመጥሁ፤ የማየው ነገር ኖሮ አይደለም።