የወሰንየለሽ የንባብ ሳምንት

ወሰንየለሽ ጎረቤቴ ናት። ከገጠር፣ ከደካ ተድራ ቦንጋ ከተማ ከገባች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን አንድ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ሞግዚት ሆና የሰው ልጅ አፍንጫ ስትጠርግ ኖራለች። ረዳት መምህርት ለመሆን የቀራት የብቃት ምዘናውን ፈተና ማለፍ ብቻ ነበር።

ማንበቡ ግን አልሆነላትም። የምዝገባው ቀን የሚነገረው በቴሌግራም ነው። ግሩፑ ውስጥ ደግሞ ለአንድ ማስታወቂያ ሁለት መቶ ቀልድ፣ የጫማ ሽያጭና "አሜን በሉ" ይጎርፋል።

"ማስታወቂያ ልይ ብዬ እከፍተዋለሁ፣ የማላውቀው ሰው ሠርግ አይቼ እወጣለሁ" ትለኝ ነበር።

መላው የመጣላት ከአባቷ ማሳ ነው። በእኛ አገር ዳዶ የሚባል አለ፤ ዛሬ እኔ አርምልሻለሁ፣ ነገ አንቺ ታርሚልኛለሽ። ይህንኑ ለማርቲ ነገረቻት። ማርቲ የልጇ ክርስትና እናት ናት፤ እሷም ለዚያው ፈተና ትዘጋጃለች።

"አንድ ሳምንት ግሩፑን እኔ ልጠብቅ። አንቺ ኢንተርኔትሽን ዘግተሽ አንብቢ፤ ነገር ካለ እደውላለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት አንቺ ትጠብቂልኛለሽ።"

"የስልክ ዳዶ!" ብላ ማርቲ ሳቀች። "እሺ አበልጄ፣ አለሁልሽ።"

ወሰንየለሽ በሳምንቷ ግሩፑን ጠበቀች። የመመዝገቢያው ፎቶ ጀርባ ነጭ ይሁን የተባለ ጊዜ የማርቲ ስልክ እምቢ ቢላት በዝናብ ቤቷ ድረስ ሄዳ ነግራታለች።

ከዚያ የማንበቡ ተራ የእሷ ሆነ፤ ግሩፑን ማርቲ ያዘች። ከሰኞ እስከ ዓርብ እንደዚያ አንብባ አታውቅም። ደብተሯ ሞላ። ዓርብ ከሰዓት የትምህርት ማስረጃዋን ኮፒ ለማድረግ ኸይሪያ ሱቅ ገባች።

"አሁን ምን ያደርግልሻል?" አለቻት ኸይሪያ። "ምዝገባው ትናንት ተዘጋ እኮ። ማርቲ ማክሰኞ እዚሁ ኮፒ አድርጋ ሄዳለች።"

"የቷ ማርቲ?"

"ያንቺዋ ናታ!"

ወደ ምዝገባው ቢሮ ሮጠች። "ሰኞ ለጥፈናል፣ እህቴ" አሏት። "ቀጣዩ ዙር ከስድስት ወር በኋላ ነው።"

ማርቲን ልብስ ስታሰጣ አገኘቻት።

"አይተሽዋል?"

"ሰኞ አየሁት። በማርያም፣ ልደውልልሽ ስልኩን ይዤ ሳለ አንድ ቪዲዮ ገባ፣ ከዚያ ሌላ..."

"ማክሰኞ ስትመዘገቢስ?"

"ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ቆሜ ስልኩን ስነካካ..."

"ረቡዕስ?"

ማርቲ ሳፋው ላይ አቀረቀረች። "ረሳሁሽ።"

ወሰንየለሽ በኋላ "ተንኮል ቢሆን ይሻለኝ ነበር" አለችኝ። "ሰው የሚጠላውን እንኳ ያስታውሳል።"

የፈተናው ዋዜማ ልጄን አዝዬ እሷ ቤት ቁጭ ብያለሁ፤ ማርቲ በሩ ላይ ብቅ አለች።

"አበልጄ፣ ደብተርሽን አውሺኝ። የእኔ ባዶ ነው። አንቺ መቼም ለጊዜው አትፈልጊውም።"

"እያነበብኩበት ነው።"

"ከስድስት ወር በኋላ ላለው?"

"ከስድስት ወር በኋላ ላለው።"

ማርቲ ባዶ እጇን ሄደች። ወሰንየለሽ ወንበሯ ላይ ተመለሰች። ስልኳ ተዘግቶ ሳጥን ውስጥ ነበር፣ ልጆቿም ውጭ ናቸው። ያንኑ ገጽ አራት ጊዜ አነበበችው፤ አልገባ አላት። ዓይኗን ጠረገችና እንደገና ከላይ ጀመረች።